«እስካሁን ምን ሆነ?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ በረራ ደህንነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ከመካከላቸው ሁለቱ አብራሪዎች ናቸው። አንዱ ደግሞ ለዓመታት አብሮኝ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ ሲያድር የኖረ ቴክኒሻን ነው። «አንብበው፣ የልባችንን ተናግሮልናል» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት። ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ብዕራቸውም ጥሩ ነው። ዋናው መከራከሪያቸው ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ነው። ከጥገና ተነስቼ አሁን የምሠራው ደህንነት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተባለውን እንዳለ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት የስጋት ግምገማ፣ ማለትም አደጋ ከመድረሱ በፊት ምን ሊበላሽ እንደሚችል መመዘን፣ ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች የሚሞሉት ቅጽ ነው፤ ወረቀት በዛ። ቁጥሩም ግምት እንጂ ስሌት አይደለም። ክፉ ነገር ሲመጣ ሰው የሚያድነው ልምድ ያለው አብራሪና ልምድ ያለው ቴክኒሻን ነው። የሚቀረውን ክፍተት ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ይሸፍነዋል። ስህተት የሠራ ሰው መቀጣት አለበት፤ «ሳትፈሩ ሪፖርት አድርጉ» የሚለው አሠራር ግዴለሽነትን ያበረታታል። በመጨረሻም፣ አውሮፕላን እጅግ አስተማማኙ መጓጓዣ ነው። እስካሁን ምን ሆነና ነው ይህ ሁሉ ጋጋታ? የስጋት ግምገማ ያስቀረው አንድ አደጋ ካለ ስሙን ጥሩልኝ ይላሉ። ሳላጣምም ያስቀመጥኩት ይመስለኛል።

ከወረቀቱ ልጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ካለፈው ዓመት ተገልብጦ ቀኑ ብቻ የተቀየረ የስጋት ግምገማ በዓይኔ አይቻለሁ። ስብሰባው ሳይካሄድ ቃለ ጉባኤው ሲፈረምም አይቻለሁ። ያንን ለመከላከል አልመጣሁም።

ቁጥሩ ግምት ነው ማለታቸውም እውነትነት አለው። ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ሠንጠረዥ አምስት በአምስት ነው። በአንድ በኩል ነገሩ የመከሰት ዕድሉ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። በሌላ በኩል ቢከሰት የሚያደርሰው ጉዳት ከኤ እስከ ኢ ይመደባል። ኤ ማለት አውሮፕላን የሚጠፋበት፣ ሰው የሚያልቅበት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይወጣል። ቀይ ከወጣ ሥራው ይቆማል፣ ወይም ስጋቱ የሚቀንስበት መንገድ ይፈለጋል። «3 እንስጠው ወይስ 2?» በሚል አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ግማሽ ቀን ሲከራከር አይቻለሁ። ጸሐፊው ይህን ጊዜ ማባከን ይሉታል። እኔ ግን የሥራው ፍሬ ያለው እዚያ ክርክር ውስጥ ነው እላለሁ። «2 ነው» ያለ ሰው ለምን 2 እንዳለ መናገር ይኖርበታል። ያኔ ነው ማንም ሳይጠይቀው በልቡ ይዞት የኖረው እምነት ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው።

ያ እምነት ሳይጠየቅ ሲታለፍ ምን እንደሚመጣ በቦይንግ 737 ማክስ አይተናል። አውሮፕላኑ ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረ። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው በራሱ ወደ ታች ይደፋዋል። ለዚህ የሚጠቀምበት መረጃ ከአንድ ሴንሰር ብቻ የሚመጣ ነበር። አምራቹ ሶፍትዌሩ ያለቦታው ቢነሳ ምን ይሆናል ብሎ ገምግሟል። የሰጠው ደረጃ «ከባድ» የሚል ነው። ከዚያ በላይ «አደገኛ» አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አውዳሚ»። ለምን ዝቅ አለ? አብራሪዎቹ ችግሩን ቶሎ ይለዩታል፣ የሚያውቁትንም እርምጃ ይወስዳሉ ተብሎ ስለታሰበ። ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ላይ ሲጮህ፣ መሪው እጅ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ነገሩን ለመለየት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል የሚለው ጥያቄ በቅጡ አልተፈተሸም።

ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወደቀ። 189 ሰው ሞተ። ኖቬምበር 7 ቀን የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች አስቸኳይ መመሪያ አወጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ይህን አድርጉ የሚል። ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ስሌት ሠርተው ነበር። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ ይችላሉ የሚል ውጤት አገኙ። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ወደቀ። 157 ሰው ነበሩ። ያን እሁድ የማያስታውስ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው እዚህ ላይ ነው። ያ ስሌትም «ግምት» ነው። ግን ምን ይሻል ነበር? ግምቱን መናቅ ወይስ ግምቱን ሰምቶ አውሮፕላኑን ማቆም? በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የተሠራው ስጋቱ ከታወቀ በኋላ በተመረጠው መከላከያ ላይ ነው። በሙያው ውስጥ መከላከያዎች እኩል አይደሉም። ከሁሉ የሚበልጠው የአደጋውን ምንጭ ማስወገድ ነው። እሱ ካልተቻለ በመካከል ግድግዳ ማቆም፤ ለምሳሌ ሁለተኛ ሴንሰር። ከዚያ የማስጠንቀቂያ መብራት ይመጣል። ከዚያም ሥልጠና። የመጨረሻውና ደካማው «ተጠንቀቁ» ብሎ ወረቀት መላክ ነው። ያኔ የተመረጠው ይህ የመጨረሻው ነበር። በኋላ አውሮፕላኑ ወደ አየር የተመለሰው ሶፍትዌሩ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያወዳድር፣ ደጋግሞም እንዳይነሳ ተደርጎ ነው። ይህን ማሰብ ከ346 ሰው ሞት በፊትም ይቻል ነበር።

ወደ ልምድ ልሂድ። ጸሐፊው እዚህ ጋ ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ያነሳሉ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ነው። ኤርባስ ኤ320 ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። ካፒቴኑ ወንዙ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ጸሐፊው «ካፒቴኑ ያዳነው በሠንጠረዥ ነው ወይ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የካፒቴኑንና የባልደረቦቹን ብቃት ማንም አይክድም፤ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። ያ አውሮፕላን ለረጅም የውኃ ላይ በረራ የተዘጋጀ ስለነበር የመውጫ መንሸራተቻዎቹ እንደ ጀልባ የሚንሳፈፉ ነበሩ። የዚያ ቀን በረራ ግን ይህን የሚያስገድድ አልነበረም። ሌላ ኤ320 ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ላይኖሩት ይችሉ ነበር። የኋለኞቹ ውኃ ስለገባባቸው አልጠቀሙም። ሰዎች በጃንዋሪ ብርድ የቆሙት በፊተኞቹ መንሸራተቻዎችና በክንፎቹ ላይ ነው። ያንን ዕቃ እዚያ ያስቀመጠው ከዓመታት በፊት «አውሮፕላን ውኃ ላይ ቢያርፍስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። በሌላ በኩል፣ አብራሪዎቹ የከፈቱት ቼክሊስት (በችግር ጊዜ ደረጃ በደረጃ የሚከተሉት ዝርዝር) የተዘጋጀው ከፍ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ነበር። ከፍታቸው ዝቅተኛ ስለነበር ሳይጨርሱት ውኃው ደረሰ። መርማሪዎቹ ሁለት ሞተር በዝቅተኛ ከፍታ ለሚጠፋበት ሁኔታ የሚሆን ቼክሊስት እንዲዘጋጅ ያሳሰቡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያ ቀን የታየው የአንድ ሰው ልምድ ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ ታስቦበት የረዳ ነገር ነበረ፤ ሳይታሰብበት ቀርቶ ያጋለጠም ነገር ነበረ።

ልምድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት ዲሴምበር 28 ቀን 1978 ፖርትላንድ የሆነውን ማንሳት ይቻላል። የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 ካፒቴን ከ27,000 ሰዓት በላይ በርሯል። የማረፊያ ጎማው ላይ ችግር ተጠርጥሮ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ቆየ። ነዳጁ እየወረደ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ያውቅ ነበር፤ ተናግሮም ነበር። ግን ቃሉ ካፒቴኑን ከጎማው ሐሳብ የሚያላቅቅ ጉልበት አልነበረውም። ሞተሮቹ ነዳጅ አልቆባቸው ጠፉ። 10 ሰው ሞተ። ዛሬ አብራሪዎች ሁሉ የሚወስዱት የቡድን ሥራ ሥልጠና የመጣው ከዚህና ከመሰል አደጋዎች ነው። ሥልጠናው በዋናነት የሚያስተምረው አውሮፕላን ማብረርን አይደለም። ረዳቱ ጮክ ብሎ መናገርን፣ ካፒቴኑ መስማትን ነው።

ለቴክኒሻኖች ደግሞ ይህን ልንገራችሁ፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስተኛኝ ታሪክ አይደለም። ጁን 10 ቀን 1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 ወደ ላይ እየወጣ ሳለ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተነቅሎ በረረ። ካፒቴኑ እስከ ወገቡ በመስኮቱ ወጣ። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን እየተፈራረቁ ይዘው፣ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈ። ካፒቴኑ ተረፈ፤ ሌላውም ሰው ሁሉ ተረፈ።

መስታወቱ የተቀየረው ከአንድ ቀን ብዙም ባልበለጠ ጊዜ በፊት፣ ሌሊት ነው። የቀየረው ሰው ጀማሪ አይደለም። የፈረቃው የጥገና ኃላፊ ነው፤ ጥሩ ስም ያለው ሰው። የሰው እጥረት ስለነበር ራሱ ገባበት። መስታወቱን የያዙት 90 ብሎኖች ናቸው። የዕቃ ክፍሉ ሰው ትክክለኛውን የብሎን ቁጥር ነግሮታል። እሱ ግን ከተፈታው አሮጌ ብሎን ጋር እያስተያየ መረጠ። አሮጌዎቹ ራሳቸው ትክክለኛው ዓይነት አልነበሩም። የሚበቃው ያህል ስላላገኘ ወደ ሌላ የዕቃ መደርደሪያ ሄደ። እዚያ መብራቱ ደብዛዛ ነበር። በዓይኑና በእጁ እያስተካከለ ወሰደ። ከ90ዎቹ 84ቱ ከሚገባው በላይ ቀጫጮች ነበሩ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። መስታወቱ የሚታሰረው ከውጭ ስለሆነ በውስጥ ያለው የአየር ግፊት የሚገፋው ወደ ውጭ ነው። ሥራውን ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ደግሞ ሕጉ አያስገድድም ነበር።

አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ፊርማ። ልምዱ አላዳነውም። እንዲያውም በዓይን መርጦ ለመውሰድ ድፍረት የሰጠው ልምዱ ነው ብዬ አስባለሁ። እኔም በዚያ ሰዓት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ብሎን በእጄ መዳፍ ላይ ይዤ «ይኼው ነው» ያልኩባቸው ጊዜያት አሉ። «ይህን ሥራ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው አውሮፕላኑ ይውጣ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሃንጋር ውስጥ ያልቅ ነበር። የስጋት ግምገማ ማለት ይህ ጥያቄ ነው። ለጠያቂው ጠቢብ መሆን አያስፈልገውም። ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ጥያቄውን የሚሰማ አለቃም ያስፈልገዋል።

ስለ ቴክኖሎጂው አጠር ላድርግ፤ ማክሱ ራሱ ግማሹን መልሶታል። አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ፣ ቲካስ፣ ብዙ ሰው ያተረፈ ድንቅ ሥራ ነው። ግን መሣሪያው «ውጣ» ብሎ መሬት ላይ ያለው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ «ውረድ» ቢል አብራሪው ማንን ይስማ? ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ጃፓን ላይ ይህ ሆነ። ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ለጥቂት ተላለፉ። 100 ያህል ሰው ተጎዳ እንጂ ማንም አልሞተም። ከ17 ወር በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ጀርመን ውስጥ ዩበርሊንገን በምትባል ከተማ ሰማይ ላይ ያው ጥያቄ መጣ። በዚህኛው ተጋጩ። 71 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። መሣሪያውን ስሙ የሚለው ሕግ ጥርት ብሎ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ሲገባ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይገባል። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ መሣሪያው ራሱ አይጠይቀውም።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

በመጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ሰክሮ የሚበር፣ ያላየውን ሥራ «አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርም፣ ሕጉን እያወቀ ስለሰለቸው ብቻ የሚጥስ ሰው መጠየቅ አለበት። ፍትሐዊ ባህል የሚባለው አሠራርም ይህን አይክድም። ጸሐፊው «ማንም አይቀጣም» እንደሚል አድርገው ያቀረቡት ልክ አይደለም። ልዩነቱ በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ሆን ብሎ በጣሰውና ሥራውን በአግባቡ እየሠራ በተሳሳተው መካከል።

አንድ ሌሊት ላውራችሁ። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መሣሪያ ሰሌዳችን ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ ተቀርጾበታል። አንዱ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ያሳብቃል። ከፈረቃው ወጣቶች አንዱ ሥራ ጨርሶ ሲመልስ የአንድ ሶኬት (መፍቻ ላይ የሚሰካ የብሎን መያዣ) ቦታ ባዶ ሆነ። አውሮፕላኑ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ማንም አላየም። ልጁ ከጎኑ የነበረ ሌላ ሶኬት ጎትቶ ክፍተቱን መሸፈን ይችል ነበር። አላደረገም። ላብ በላብ ሆኖ መጣና «አንድ ሶኬት የለኝም» አለ። በረራው ዘገየ። አምስት ሆነን በባትሪ ፈለግን። በሞተሩ ክዳን ጠርዝ ውስጥ ተገኘ። እጄ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

በማግስቱ አለቃው ልጁን ሰው ሁሉ ፊት አቆመው። ስለ መዘግየቱ ስንት ገንዘብ እንደጠፋ ነገረው። ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከዚያ ፈረቃ አንድም መሣሪያ ጠፋ የሚል ሪፖርት አልመጣም። አለቃው ይህን «ሥርዓት ያዙ» ብሎ ተረጎመው። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት። መሣሪያ መጥፋቱ ቀርቶ አይደለም። ወሬው ነው የቀረው።

ጸሐፊው ይህን የአንድ ቤት ታሪክ ነው ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው በአደባባይ የሚታወቀውን እንውሰድ። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የቲደብሊውኤ በረራ 514 ዋሽንግተን አጠገብ ለማረፍ ሲወርድ ተራራ መታ። 92 ሰው ሞተ። ምክንያቱ የማረፊያ ካርታውና የተቆጣጣሪው አነጋገር የሚያምታታ መሆኑ ነበር፤ አብራሪዎቹ ለመውረድ የተፈቀደላቸው መሰላቸው። ምርመራው ሲካሄድ ሌላ ነገር ወጣ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አውሮፕላን እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መምታታት፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት አምልጦት ነበር። አብራሪዎቹ ተናገሩ። ድርጅታቸው የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ለሌላው ግን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

በ1976 የተፈጠረው የሪፖርት ሥርዓት የዚህ ውጤት ነው። ሪፖርቱ የሚሄደው ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ለአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ለናሳ ነው። እዚያ የጻፈው ሰው ማንነት ይወገዳል፣ ትምህርቱ ይቀራል። አሜሪካኖቹ ይህን ያደረጉት ለአብራሪ አዝነው ሳይሆን መረጃው ስለጎደላቸው ነው። የሚቀጣ ሰው ፊት ማንም እውነቱን ሙሉ አይናገርም። ይህን እናቶችም ያውቁታል፤ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ በጅራፍ ከተጠበቀ ስብርባሪውን አልጋ ሥር ነው የሚደብቀው። ከዚያ በባዶ እግሩ የሚረግጠው ሌላ ሰው ነው።

የቀረው «እስካሁን ምን ሆነ?» የሚለው ነው። አውሮፕላን እጅግ አስተማማኝ መጓጓዣ ነው መባሉ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ይህ አስተማማኝነት ከሰማይ አልወረደም። «ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ደግሞ በዚህ ሙያ ውስጥ ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ አደገኛው ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261 ውቅያኖስ ላይ ወደቀ፤ 88 ሰው ሞተ። ጭራው ላይ ያለውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ብሎን የሚሽከረከርበት ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ ነበር። ያ ብሎን በየጊዜው ግሪስ መቀባት አለበት። አየር መንገዱ በዓመታት ውስጥ የቅባቱን ጊዜ ደረጃ በደረጃ እያራዘመ ሄደ። በመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ነው። በ1996 በየስምንት ወሩ ሆነ፤ በበረራ ሰዓት ሲቆጠር 2,550 ያህል። አንድ ጊዜ ሲራዘም ምንም አልሆነም። ሲደገም ምንም አልሆነም። የ«ምንም አልሆነም» ማስረጃ እየተከማቸ ሳለ ጥርሱ እየተበላ ነበር። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ላይ «ይህን ብናራዝም ብሎኑ ምን ይሆናል? ቢሰበርስ ሌላ የሚይዘው ነገር አለ?» ተብሎ በቅጡ ቢጠየቅ መልሱ ያስደነግጥ ነበር። ብሎኑን የሚተካ ሌላ መያዣ አልነበረም።

በመጨረሻ ጸሐፊው ስሙን ጥሩልኝ ወዳሉት እመጣለሁ። የቀረ አደጋ እንደ ወደቀ አውሮፕላን የበረራ ቁጥርና የሟች ዝርዝር አይተውም። ሆኖም አንድ ሌሊት አለ፤ ለጥቂት የቀረ።

ጁላይ 7 ቀን 2017፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ሳን ፍራንሲስኮ። 140 ሰው የያዘ የኤር ካናዳ ኤ320 ሊያርፍ እየወረደ ነው። ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ማኮብኮቢያዎች የግራው ተዘግቷል፤ መብራቱም ጠፍቷል። አብራሪዎቹ ሁለት ማኮብኮቢያ ለማየት ስለጠበቁ ክፍት የሆነውን የቀኙን ማኮብኮቢያ የግራው አድርገው አዩት። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የአውሮፕላኖች መተላለፊያ ደግሞ ማኮብኮቢያ መሰላቸው። መተላለፊያው ላይ አራት አውሮፕላኖች ነዳጅና መንገደኛ ሞልተው ተራ ይጠብቃሉ። ከታች አንድ አብራሪ በሬዲዮ «ይሄ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ። ሌላኛው መብራቱን አበራ። ኤ320ው ከመሬት 18 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በቆሙት አውሮፕላኖች አናት ላይ አልፎ ተመልሶ ተነሳ።

የማኮብኮቢያው መዘጋት ለአብራሪዎቹ በጽሑፍ ተሰጥቷቸው ነበር። ከ27 ገጽ ወረቀት ውስጥ ገጽ 8 ላይ። ወረቀት በዛ ያሉት ጸሐፊ እዚህ ላይ ከእኔ በላይ ትክክል ናቸው። የወረቀት ብዛት ራሱ የአደጋ ምንጭ ነው፤ እንደማንኛውም የአደጋ ምንጭ ተመዝግቦ ሊቀነስ ይገባዋል። ያን ሌሊት በረራ መቆጣጠሪያው ማማ ላይ በሥራ ላይ የነበረውም አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር።

ማንም አልሞተም። ማንም አልቆሰለም። «ምን ሆነ?» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን በዚያው ክረምት፣ ኦገስት ላይ፣ አሠራሩ ተቀየረ። አጠገቡ ያለው ማኮብኮቢያ በተዘጋበት ሌሊት አብራሪዎች በዓይናቸው ብቻ እየተመሩ እንዲያርፉ መፍቀድ ቀረ፤ በመሣሪያ መመራት ግድ ሆነ። የማታው የማረፊያ ጥድፊያ እስኪያልፍ ድረስም ማማው ላይ ሁለት ተቆጣጣሪ እንዲቀመጥ ታዘዘ።